መካከለኛ ፊልም ሲጀመር ስለ ሌንስና ስለ ተጓዳኝ ዕቃ አመራረጥ

(በፎቶግራፍ ክበባችን ስብሰባ ላይ ለአባሎችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር)




ክበባችን ከአባሎች መዋጮና ከማኅበራችን በተሰጠው ርዳታ አንድ ካሜራ የሚገዛ ገንዘብ አጠራቅሟል። ገንዘቡ ለአንድ ይበቃል፤ ለሁለት ግን አይበቃም። ስለዚህ ገዝተን ከመጸጸት አስቀድመን መነጋገር ይሻላል በማለት ጉዳዩን አጥንተን ለጉባኤው እንድናቀርብ ታዘናል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው ነው፤ ባለፉት ሳምንቶች በክበባችን የነበረው ክርክር ደግሞ እጅግ ሩጫ የበዛበት ነበር። አንዱ «ሦስት ሌንስ ካልተገዛ ካሜራው ምን ያደርጋል?» ሲል፣ ሌላው «የመጣው ይምጣ፤ ርካሹን ገዝተን ቀሪውን ለፊልም እናድርገው» ይላል። ሁለቱም ያሉት ከፊሉ እውነት ስለሆነ የሁለቱንም ሐሳብ ከነምክንያቱ እናቀርባለን።

ነገሩ ለምን እንደሚያስቸኩል ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በአካባቢው ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። ባለ ሰገነቱ የእንጨት ቤት፣ በጭቃና በድንጋይ የተሠራው ባለ አንድ ፎቅ፣ በረንዳው የተጠረበው ሱቅ፣ አንዳንዱ ፎቶግራፍ እንኳ ሳይነሣ ሄዷል። መፍረስ ነበረበት ወይስ አልነበረበትም የሚለው ክርክር ለሌላ ቀን ይሁን፤ የዛሬው ርእሳችን አይደለም። ነገር ግን የሕንፃ ጥበብ የሚማሩት ጓደኞቻችን የቀሩትን ቤቶች በጥሩ ፎቶግራፍ መዝግበን ለቤተ መጻሕፍታችን እንድናስቀምጥ ጠይቀውናል። የመስኮቱ ቅርጽ፣ የጣራው ጠርዝ፣ የእንጨቱ ጥርብ በግልጽ መታየት አለበት። እኛም ካሜራ የምንገዛው በመጀመሪያ ለዚህ ሥራ፣ ከዚያም በቤቶቹ የሚኖሩትን ሰዎች ለማንሣት ነው። የሌንሱ ምርጫ ከዚህ መነሣት አለበት። ካሜራ በሱቅ መስኮት ሲያዩት ስለሚያምር ብቻ መመረጥ የለበትም።

መካከለኛ ፊልም የምንለው ቁጥር 120 የሚባለውን ጥቅል ነው። ይህን ፊልም ኮዳክ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1901 ሲሆን እስከ ዛሬም ይሠራል። ስፋቱ 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ጀርባው በጥቁር ወረቀት ይሸፈናል። በአንድ ጥቅል ላይ የሚነሣው ብዛት እንደ ካሜራው ይለያያል። 6 በ6 የሚያነሣው 12፣ 6 በ7 የሚያነሣው 10፣ 6 በ9 የሚያነሣው 8 ብቻ ይሰጣል። 6 በ4.5 የሆነው 15 ወይም 16 ያወጣል። ባለ 36ቱን ፊልም የለመደ ሰው 12 ሲባል ይሥቃል፤ አንድ ቀን ከሠራበት በኋላ ግን ሣቁን ይተዋል፤ እያንዳንዱን ከማንሣቱ በፊት ማሰብ ይጀምራልና።

ትርፉ የት ላይ ነው? አራት ማዕዘኑ ኔጋቲቭ በትክክል ሲለካ 56 በ56 ሚሊ ሜትር ነው። የትንሹ ፊልም ኔጋቲቭ ደግሞ 24 በ36 ነው። በስፋት ሲሰላ የመጀመሪያው የሁለተኛውን ከሦስት እጥፍ ተኩል በላይ ይሆናል። ጎኑ 28 ሳንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ፎቶግራፍ ለማተም የመካከለኛውን ኔጋቲቭ 5 ጊዜ ማሳደግ ይበቃል፤ ትንሹን ግን 12 ጊዜ ያህል ማሳደግ ያስፈልጋል። የእንጨት ጥርቡ የሚጠፋው በዚህ ማሳደግ ነው። የጠየቁን ተማሪዎች የፈለጉት ዝርዝር እንዲገኝ መካከለኛውን ፊልም የመረጥንበት ምክንያት ይህ ብቻ ነው።

አሁን ስለ ካሜራው በአጭሩ እንናገር። የሚገዛው ሁሉ ያገለገለ ነው፤ የታወቁት ፋብሪካዎች አብዛኛውን ማምረት ካቆሙ ቆይተዋል። ስመ ጥሩው ሃሰልብላድ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1957 በ500ሲ የጀመረውን ቤተሰብ በ2013 አቁሟል። ስለዚህ ስንገዛ የምንጠይቀው «ስሙ ማነው?» የሚለውን ሳይሆን «ቢበላሽ ማን ይጠግነዋል? ሌንሱስ ይገኛል ወይ?» የሚለውን መሆን አለበት።

በክበባችን የተነሡት ስሞች አራት ናቸው። ሉቢቴል የሶቪየት ሥራ ነው፤ ቀላልና ርካሽ ነው፤ ሌንሱ 75 ሚሊ ሜትር ሆኖ በሦስት ብርጭቆ የተሠራ ስለሆነ ቀዳዳውን በጣም ከከፈትነው የሥዕሉ ጠርዝ ይደበዝዛል። ያሺካ ማት 124ጂ ባለ ሁለት ዓይን ሆኖ 80 ሚሊ ሜትር ሌንስ አለው፤ ጥሩ ነው፤ ሌንሱ ግን አይለወጥም። ማሚያ ሲ220 እና ሲ330 እንደዚሁ ባለ ሁለት ዓይን ሆነው ሌንሳቸው ይለወጣል፤ በዚህ ዓይነት ካሜራ ዘንድ ይህ ብርቅ ነው። አራተኛው ሃሰልብላድ ነው፤ ስለ እርሱ ብዙ ማመስገን አያስፈልገንም፤ ወዳጆቹ ያመሰግኑታል። ማሚያ አርቢ67 የሚል ሐሳብ ያቀረቡም ነበሩ። እርሱ ከሌንሱ ጋር ከ2 ኪሎ ግራም ተኩል በላይ ይመዝናል፤ ለስቱዲዮ እጅግ መልካም ነው፤ ከአራት ኪሎ እስከ ሰባራ ባቡር በእግር ተሸክሞት የሚሄድ ጓደኛ ከተገኘ እናከብረዋለን።

ወደ ዋናው ነገር ወደ ሌንስ እንምጣ።

የሌንስ ቁጥር ብቻውን ምንም አይናገርም፤ ከኔጋቲቩ መጠን ጋር ሲተያይ ነው ትርጉም የሚያገኘው። 80 ሚሊ ሜትር በትንሹ ፊልም ላይ የፊት ማንሻ ሌንስ ነው፤ ሩቁን ያቀርባል። በ6 በ6 ላይ ግን መደበኛ ነው። ምክንያቱም መደበኛ የሚባለው ሌንስ ርዝመቱ ከኔጋቲቩ የሰያፍ ልክ ጋር የተቀራረበው ነው፤ የ56 በ56 ሰያፍ ደግሞ 79 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። በ6 በ7 መደበኛው 90 ይሆናል፤ በ6 በ4.5 ደግሞ 75 አካባቢ። ይህን ያልተረዳ ጀማሪ «50 አለኝ» ብሎ ሲገዛ መደበኛ የገዛ ይመስለዋል፤ በ6 በ6 ካሜራ ላይ ሲያደርገው ግን ሰፊ እይታ ያለው ሌንስ ሆኖ ያገኘዋል። ለማመሳከር ያህል የ6 በ6ን ቁጥር ለ1.8 ማካፈል ነው፤ በትንሹ ፊልም የምናውቀውን ይሰጠናል። 65 እንደ 36፣ 150 ደግሞ እንደ 83 ይሆናል።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚመጣ አንድ ነገር አለ። ሌንሱ ሲረዝም ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት ያጥራል። 80 ሚሊ ሜትሩን በኤፍ 2.8 ከፍተን 2 ሜትር ርቀት ላይ የቆመ ሰው ብናነሣ ጥርት የሚለው ከ20 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ነው። ዓይኑ ከጠራ ጆሮው ይደበዝዛል ማለት ነው። ኤፍ 11 ላይ ብናደርገው ግን 70 ሳንቲ ሜትር ያህል እናገኛለን። ስለዚህ «ሌንሱ ኤፍ 2 ነው፤ ኤፍ 2.8 ነው» እያሉ በሰፊ ቀዳዳ መኩራራት በእኛ ሥራ ዋጋ የለውም። ለቤት ፎቶግራፍ የምንጠቀመው ኤፍ 11 እና ኤፍ 16 ነው። በኤፍ 3.5 እና በኤፍ 2.8 መካከል ያለውን የዋጋ ልዩነት ለፊልም ብናውለው እናተርፋለን።

እንግዲህ ስንት ሌንስ? ኮሚቴያችን ያለው አንድ ነው፤ እርሱም 80። ይህ ለድኻ የተሰጠ መጽናኛ አይደለም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1969 የአፖሎ 11 ሰዎች በጨረቃ ላይ ሲራመዱ በደረታቸው የያዙት ሃሰልብላድ አንድ ባለ 60 ሚሊ ሜትር ሌንስ ብቻ ነበረው፤ አሻግሮ የሚታይበት መስተዋት እንኳ አልነበረውም። ወደ እኛ አህጉር ስንመለስም በዛሬይቱ ቡርኪና ፋሶ በቦቦ ዲዩላሶ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1960 ቮልታ ፎቶ የሚባለውን ስቱዲዮ የከፈተው ሳንሌ ሶሪ የዘመኑን ወጣቶች ያነሣው ሌንሱ በማይለወጠው በሮሌፍሌክስ ነው። በአንድ ሌንስ የሚሠራ ሰው ከጥቂት ጥቅል በኋላ ካሜራውን ከማንሣቱ በፊት ሥዕሉ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያበቃ በዓይኑ ያውቃል። በሦስት ሌንስ የጀመረ ግን ጊዜውን በመለዋወጥ ያጠፋል፤ ከዚያም ብርሃኑ ያልፍበታል።

ቢሆንም የሕንፃ ተማሪዎቹ ያቀረቡት ተቃውሞ ጠንካራ ነውና ልንዘለው አይገባም። «የምናነሣው ቤት በጠባብ መንገድ ላይ ነው፤ ወደ ኋላ ብንሸሽ የጎረቤቱ ግንብ ያግደናል፤ 80 ቤቱን ሙሉ አያስገባም» ይላሉ። ትክክል ናቸው። ፊቱ 10 ሜትር የሆነን ቤት በ80 ሙሉ ለማስገባት 14 ሜትር ከግማሽ ያህል መራቅ ያስፈልጋል፤ በ65 ግን ከ12 ሜትር በታች ይበቃል፤ በ55 ደግሞ 10 ሜትር ያህል። በአሮጌ ሠፈር ውስጥ ይህች 4 ሜትር ተኩል የምትገኝም የማትገኝም ናት።

እዚህ ላይ አንድ ጥበብ አለ፤ አራት ማዕዘን ኔጋቲቭ የሚወደድበትም ምክንያት እርሱ ነው። ረጅም ቤት ለማስገባት ብለን ካሜራውን ወደ ላይ ብናቀና የግድግዳዎቹ መስመሮች ወደ ላይ እየተቀራረቡ ይሄዳሉ፤ ቤቱ ወደ ኋላው ሊወድቅ የሚመስለው ከዚህ የተነሣ ነው። ካሜራውን ፈጽሞ ሳናቀና በውኃ ልክ አስተካክለን ሰፋ ያለውን ሌንስ ብናደርግ ግን ቤቱ በሥዕሉ የላይኛው እኩሌታ፣ መንገዱ በታችኛው ይውላል። ከዚያ በጨለማው ክፍል ስናትም የታችኛውን የአስፋልት ክፍል ቆርጠን እንጥለዋለን። የሚቀረው ቀጥ ብሎ የቆመ ቤት ነው። ትልቁ የሰሌዳ ካሜራ ሌንሱን ከፍ አድርጎ የሚሠራውን እኛ በመቀስ ሠራነው ማለት ነው። ይህን ለማድረግ ግን ሰፊ ሌንስ ያስፈልጋል፤ በ80 ግማሹን ጥለን የሚቀረን ጥቂት ነው።

ስለዚህ ኮሚቴያችን የደረሰበት ይህ ነው፤ ማሚያ ሲ330ን ወይም ሲ220ን ከ80 ሌንሱ ጋር እንግዛ፤ ሁለተኛ ሌንስ የሚገዛበት ጊዜ ሲመጣ ከ135 ወይም ከ180 በፊት 65 ወይም 55 ይቅደም። ፊት ማንሣት የሚወዱት ጓደኞቻችን በዚህ ቅር እንደሚላቸው እናውቃለን። ነገር ግን ፊት በ80 ይነሣል፤ ሰውየው አጠገብ ደርሰን አፍንጫውን ካላስረዘምን በቀር፣ ከወገብ በላይ ሲሆን እንዲያውም ያምራል። ጠባብ መንገድ ግን በ180 አይነሣም። የሃሰልብላድ ወዳጆችም የሚሉትን ሰምተናል፤ ሌንሱ ድንቅ ነው፤ በዚህ አንከራከርም። ሆኖም ለአንድ የሃሰልብላድ 50 ሚሊ ሜትር ዲስታጎን የሚወጣው ገንዘብ ማሚያውን ከሁለተኛ ሌንሱ ጋር ሊገዛ የሚቀርብ ነው። ደግሞም የሃሰልብላድ ሌንስና አካሉ ሁለቱም ተወጥረው ካልሆነ ሊነቀሉና ሊገጠሙ አይገባም፤ ይህን የረሳ አንድ አባል ካሜራውን ቆልፎ ያስቀረዋል። ካሜራው በ30 ሰው እጅ የሚዞር ስለሆነ ይህን ማሰብ ይገባል።

ያገለገለ ሌንስ ሲገዛ ምን እንደሚታይ ሁላችሁም ብታውቁ መልካም ነው፤ ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመድ ያላችሁ አባሎች በተለይ። ሌንሱን ከፍታችሁ ከኋላው በትንሽ የባትሪ መብራት አብሩበት። እንደ ሸረሪት ድር የተበተነ ነገር ከታየ ሻጋታ ነው፤ የብርጭቆውን ቅብ ይበላልና ተዉት። እንደ ጭስ የሆነ ደመና ቢታይ ምናልባት ይጠረግ ይሆናል፤ ግን ጠራጊው ማን ነው ብላችሁ ጠይቁ። ጥቂት አቧራ ግን ምንም አይደለም፤ ሻጩ ዋጋ እንዲቀንስ ሊረዳችሁ ይችላል። በፊተኛው ብርጭቆ ላይ ያለች አንዲት ጭረትም ከሻጋታ ትሻላለች። ቀጥሎ መዝጊያውን በ1 ሰከንድ ላይ አድርጋችሁ አዳምጡ። ጆሮ ይፈርዳል፤ «ዝዝዝ» ብሎ እስከ መጨረሻው ከሄደ ጤነኛ ነው፤ መንገድ ላይ ከቆመ ወይም ከዘገየ ዘይቱ ደርቋል። የቀዳዳው ቅጠሎች ዘይት የነካቸው ከሆነም እንደዚሁ ጥርጣሬ ነው። ባለ ሁለት ዓይኑን ማሚያ በሚመለከት ደግሞ የላይኛውና የታችኛው ሌንስ አብረው የመጡ መሆናቸውን፣ መንፊያ መሰሉ ጥቁር ቆዳም ቀዳዳ የሌለው መሆኑን መመልከት ነው። ይህን በጨለማ ቤት ውስጥ መብራት በመንፊያው ውስጥ አስገብቶ ማየት ይቻላል።

አሁን ተጓዳኝ ዕቃዎቹን እንይ። በዚህ በኩል ገንዘብ የሚባክነው ከሌንሱ ይበልጣል፤ ትንንሽ ስለሆነ አይታወቅምና።

ከሁሉ አስቀድሞ የሌንስ ጥላ ይገዛ። በካርቶን ሠርተንም ቢሆን ይደረግ። የአዲስ አበባ ፀሐይ በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ፀሐይ ናት፤ ከጎን ስትመታ የአሮጌ ሌንስን ሥዕል ታነጣዋለች፤ ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል። በብዙ ብር የተገዛ ሌንስ ያለ ጥላ ከርካሹ ሌንስ ከነጥላው ያነሰ ሥራ ሲሠራ ታያላችሁ።

ሁለተኛው የብርሃን መለኪያ ነው። ማሚያ ሲ220ና ሲ330 መለኪያ የላቸውም። ሌሎቹ አሮጌ ካሜራዎች ያላቸው መለኪያ ደግሞ አይታመንም፤ የያሺካ 124ጂ መለኪያ የሚሠራው በሜርኩሪ ባትሪ ነበር፤ ያ ባትሪ በብዙ አገር ስለተከለከለ ዛሬ በሌላ ተተክቶ የሚሰጠው ንባብ ሊሳሳት ይችላል። ባትሪ የማይፈልገው የሴሌንየም መለኪያም በእርጅና ይደክማል። በእጅ ስልክ ላይ የሚጫነው መለኪያ ለመጀመር ይበቃል፤ ይህን ስንል የሚቀየሙ አዛውንት ፎቶግራፍ አንሺዎች ይኖሩ ይሆናል፤ ግን ሞክረነዋል፤ ከታወቀ መለኪያ ጋር አስተያይተነዋል፤ ይሠራል። ያለ መለኪያም ቢሆን ጥርት ባለ ፀሐይ ኤፍ 16 ላይ አድርጎ የመዝጊያውን ፍጥነት ከፊልሙ ቁጥር ጋር ማቀራረብ የቆየ ልማድ ነው፤ ለ125 ፊልም የሰከንድ 1/125 ማለት ነው።

መለኪያው ግን አይገዛንም፤ እኛ እንገዛዋለን። መለኪያ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ያስባል። ነጭ ነጠላ የለበሱ እናት በደጃቸው ሲቀመጡ መለኪያው ነጠላውን አይቶ «ብርሃኑ ብዙ ነው» ይላል፤ እርሱን ብናምን ነጠላው ግራጫ ይሆናል፤ የእናታችንም ፊት ጠቁሮ ይጠፋል። ጠቆር ያለውን ፊት ብቻ ብንለካ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ ፊቱ ከመጠን በላይ ይነጣል። መድኃኒቱ የሚወርደውን ብርሃን የሚለካው፣ ነጭ ጉልላት ያለው መለኪያ ነው። ከፊታቸው ጎን አድርገን ወደ ካሜራው አዙረን ስንለካ ነጠላም ፊትም በየቦታቸው ይውላሉ። ስለዚህ መለኪያ ስንገዛ ይህ ጉልላት ያለው ይሁን። ብዙ የአገራችን ሰዎች በፎቶግራፍ ላይ ፊታቸው የጠፋው ፎቶ አንሺው ይህን ባለማወቁ ነው ብለን እናምናለን።

ሦስተኛው ባለ ሦስት እግር ማቆሚያና ገመድ ያለው መተኮሻ ነው። በኤፍ 16 የምንሠራ ከሆነ ጥላ ውስጥ ያለ ቤት የሰከንድ 1/8 ወይም 1/4 ይፈልጋል፤ በእጅ የሚያዝ አይደለም። ማቆሚያው ከባድ ይሁን፤ ቀላሉ በነፋስ ይንቀጠቀጣል። ከእንጨት የተሠራ የቀያሾች ማቆሚያ ካገኘን እንዲያውም ይመረጣል፤ የምሕንድስና ተማሪዎች ይህን ይስሙልን።

ማጣሪያን በሚመለከት፣ ለጥቁርና ነጭ ፊልም አንድ ቢጫ ይበቃል። ሰማዩን ትንሽ ያጠቁረዋል፤ ደመናው ይወጣል፤ ከእንጦጦ ጋር የተደባለቀውን የሩቅ ጭጋግም ይቀንሳል። ብርሃን በአንድ ደረጃ ይቀንሳልና ያን ያህል ቀዳዳውን ወይም ጊዜውን መጨመር ነው። ብርቱካንማው ሁለት ደረጃ፣ ቀዩ ሦስት ደረጃ ይወስዳል። ቀዩ ሰማዩን እንደ ሌሊት ያደርገዋል፤ አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህን ይወዱታል፤ እኛ ግን የቤት መዝገብ ስንሠራ የሌሊት ሰማይ አያስፈልገንም እንላለን። ከመግዛት በፊት ልኩን ማወቅ ይገባል። የማሚያዎቹ ሌንሶች በብዛት 46 ወይም 49 ሚሊ ሜትር የሆነ ተራ ጥርስ ስላላቸው ማጣሪያው በቀላሉ ይገኛል። ያሺካና ሃሰልብላድ ግን የራሳቸው ልዩ መግጠሚያ አላቸው፤ ለእነርሱ የሚሆን ማጣሪያ ሲፈለግ ዋጋው ያስደነግጣል።

ቅርብ ማንሣት፣ ማለት የበር መቀርቀሪያና የእንጨት ጥርብ ማንሣት ለምንፈልግ፣ ማሚያው ራሱ መንፊያ ስላለው ተጨማሪ ዕቃ አይፈልግም። ነገር ግን ሁለት ነገር መታወስ አለበት። መንፊያው በተዘረጋ ቁጥር ብርሃን ይቀንሳል፤ ሌንሱ በርዝመቱ ግማሽ ያህል ወደ ፊት ከወጣ ከአንድ ደረጃ ትንሽ ይበልጣል፤ በሙሉ ርዝመቱ ከወጣ ሁለት ደረጃ ነው። ሁለተኛው፣ የምናይበት ዓይን ከላይ፣ የሚያነሣው ከታች ስለሆነ ቅርብ ላይ የምናየውና የሚነሣው አይገጣጠምም። በሁለቱ መካከል ያለው 5 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ስለዚህ አይተን ካስተካከልን በኋላ ካሜራውን በማቆሚያው ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ ነው። ለዚህ የተሠራ መሣሪያ ይሸጣል፤ የማቆሚያው መካከለኛ ዘንግ በማስመሪያ ከተለካ ግን ያንኑ ይሠራል።

የማያስፈልገውን ለመናገር፣ የፕሪዝም መመልከቻ፣ የቆዳ ሳጥን፣ ሁለተኛ የፊልም ጀርባ፣ ሌንስን እጥፍ የሚያደርግ ብርጭቆ፣ እነዚህ ሁሉ ይቆዩ። ከላይ ወደ ታች የሚታየው መመልከቻ ግራና ቀኙን ያገላብጣል፤ ሁለት ሳምንት ያስቸግራል፤ ከዚያ ይለመዳል።

ከዕቃው የተረፈው ገንዘብ ሁሉ ፊልም ይግዛበት። ኢልፎርድ ኤፍፒ4 ወይም ኤችፒ5 ለእኛ ሥራ ይበቃል፤ ሁለቱንም ራሳችን በጨለማ ክፍላችን ማጠብ እንችላለን። ከውጭ አገር ፊልም የሚያመጡልን ዘመዶች በሻንጣ ውስጥ አስገብተው ለጫኝ እንዳይሰጡ፣ በእጃቸው ይዘው እንዲያመጡና በመፈተሻው ጣቢያ በእጅ እንዲታይላቸው እንዲጠይቁ ንገሯቸው። ዛሬ በብዙ አውሮፕላን ማረፊያዎች የገባው አዲሱ የሲቲ መፈተሻ ፊልሙን ያበላሻል።

ክረምቱን በሚመለከት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ካሜራውና ሌንሱ በቆዳ ቦርሳ ተዘግተው እንዳይቀመጡ፤ ሻጋታ የሚወደው ጨለማና እርጥብ ቆዳን ነው። ክዳኑ የሚገጥም የፕላስቲክ ሳጥን ከውስጡ እርጥበት የሚመጥ የሲሊካ ከረጢት ጋር ይሁንለት፤ ሲሊካውም በየጊዜው በምድጃ ሙቀት ይድረቅ። ሳጥኑ ውስጥ ከመቅረት ይልቅ ግን በየሳምንቱ ወጥቶ ቢሠራበት ለካሜራውም ለእኛም ይሻላል።

ድምፅ የሚሰጠው በሚቀጥለው ስብሰባ ነው። በሁለቱ ሐሳቦች፣ ማለት በማሚያው ከ80 ጋር እና በሃሰልብላዱ መካከል፣ እያንዳንዱ አባል ስሙን ሳይጽፍ በወረቀት ይመርጣል። ከዚያ በፊት አንድ መምህራችን ያዋሱን ባለ ሁለት ዓይን ካሜራ ከስብሰባው በኋላ በዚህ ጠረጴዛ ላይ ይቆያል። ውስጡ ያለው የተበላሸ ፊልምና የጀርባ ወረቀት ስለሆነ ማንም ሳይፈራ ከፍቶ፣ ቀስቱን ከምልክቱ ጋር አጋጥሞ፣ መጫንና ማውጣት ይለማመድ። ሴቶች እኅቶቻችን ባለፈው ጊዜ ወንዶቹ ከበውት ስላልደረሳቸው ዛሬ ቅድሚያው የእነርሱ ነው።